ሃያ ሊትር በአንድ ትከሻ

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከመሬት ተነሥቶ ራስ ላይ እስኪቀመጥ ትንፋሽ አንዴ ከመያዝ የረዘመ ጊዜ አይወስድም። ሴትዮዋ እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆምና ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ እጀታውን፣ በሌላው የታችኛውን ጠርዝ ትይዛለች። መጀመሪያ እስከ ጭኗ፣ ቀጥላ እስከ ደረቷ ታመጣዋለች። ጭንቁ ከደረት በላይ ያለው ነው። እዚያ ላይ ክርኖቿ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ሁለቱም ክንዶቿ ከትከሻዋ በላይ ይወጣሉ፤ አንገቷን ለአፍታ ዝቅ አድርጋ አናቷ ላይ ካለው ጥቅል ጨርቅ ላይ ታሳርፈዋለች። ከዚያ በኋላ እጇን ለቃ፣ ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ትሄዳለች። ጋምቤላ ክልል፣ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ቦኖ ባለበት ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ይኸው ነው።

ሰልፉ ውስጥ ካሉት አንዷ ግን እንደዚያ አታነሳም። ወደ አርባ የተጠጋች፣ ረጅም፣ ቀጭን የኑዌር ሴት ናት። የለበሰችው ላዋ ነው፣ ያው አንድ ትከሻ ላይ የሚቋጠረው ባለ ቀለም ጨርቅ። ድሮ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነበር የምትቋጥረው፤ አሁን ቋጠሮው ራሱ ስለሚያማት ወደ ግራ አዙራዋለች። ተራዋ ደርሶ ጄሪካኑ ሲሞላ ቀኝ እጇ ከደረቷ በላይ አልሄድ ይላል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰቀላል፣ ወገቧ ወደ ጎን ይጣመማል፣ ጥርሷን ትነክሳለች። ከኋላዋ የቆመች ልጅ እግር ትቀበላትና ታሸክማታለች። የሚያሸክም ባጣች ቀን በግራ እጇ አንጠልጥላ ትሄዳለች።

ስሟን አንጽፍም። በአገሯ ወግ የመጀመሪያ ልጇ ስም እየተጠራ «የእገሌ እናት» ነው የምትባለው፤ እኛም እናቲቱ እንበላት።

ሕመሟ ከጥይት አልጀመረም። ከደቡብ ሱዳን የመጣ ሰው ትከሻዬን ያመኛል ሲል ሰሚው ቶሎ ጦርነቱ ስለሚታወሰው ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። እሷ የወደቀችው እንጨት ተሸክማ ስትመለስ ነው። ክረምት ነበር፤ የኢታንግ ጥቁር አፈር ሲረጥብ መጀመሪያ እግር ይይዛል፣ ሲለቅ ደግሞ ያንሸራትታል። ሸክሙ ወደ አንድ ጎን አደላ፣ ቀኝ እጇን ልትመክት ዘረጋች፣ ትከሻዋ ወለቀ። አንድ ሽማግሌ ጎትተው መለሱላት። እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከረመች፤ ሻል ሲላት ወደ ቦኖው ተመለሰች። ትከሻዋ በቦታው ገብቷል። ሕመሙ ግን ከትከሻዋ ወደ ማጅራቷ ወጣ፣ ከማጅራቷ ወደ ጀርባዋ ወረደ፣ አሁን ወገቧ ላይ ሰፍሯል። ዓመታት ሆነው።

ትከሻ የወለቀበት ሰው ወገቡን የሚያመው ለምንድን ነው? ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ትከሻው ተጎድቶ ዳነ የተባለ ሰው፣ አዲስ አበባ ቢሆን ባሕር ዳር፣ ማጅራቱንና ጀርባውን እየዳበሰ ይህንኑ ይጠይቃል።

ትየርኪዲ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ጁባ ላይ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ተኩስ ከተከፈተ በኋላ የላይኛው ናይል ሰው በፓጋክ በኩል ድንበር ሲሻገር ጊዜ የካቲት 2006 ላይ ተከፈተ፤ ጎረቤቱ ኩሌ ግንቦት ላይ ተከተለ። በዚያው ዓመት የተመሠረቱት ሌችዎርና ኒፕ ኒፕ መጠለያዎች ጎርፍ ስለዋጣቸው ሰዎቻቸው ወደ ጀዊ መጠለያ መዛወር ግድ ሆኖባቸዋል፤ የመሬቱን ጠባይ ለማወቅ ይህ ይበቃል። ትየርኪዲ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፣ አብዛኛው ሴትና ልጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ በጠቅላላ 307,096 ነበር፤ ዛሬ በክልሉ ያሉት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ ይበልጣሉ። ጤና ጣቢያውም፣ እንጨቱም፣ ውኃውም የሚከፋፈለው በዚህ ስሌት ነው።

የውኃውን ነገር ትንሽ እንየው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይላል። ስድስት ነፍስ ላለበት ጎጆ 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ጄሪካን መሆኑ ነው። አንዱ ሙሉ ጄሪካን ከነፕላስቲኩ 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውኃ በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ በኋላ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በመስመር ተሳበ። የቦቴ ሰልፍ ያስታወሰ ሁሉ ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም። መስመሩ ግን ቦኖው ላይ ያበቃል። ከዚያ እስከ ጎጆው ያለውን የሚሸፍነው ሰው ነው፤ ሰው ሲባልም ሴትና ልጃገረድ።

ደገኛ አንባቢ «አህያስ?» ማለቱ አይቀርም። ባሮን ተከትሎ ያለው ቆላ ገንዲ የተባለውን የእንስሳት በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መኖሪያ ነው፤ አህያና ፈረስ እንደ ወሎ ወይም እንደ ጎጃም አይበረክቱም። ስለዚህ የሚጫነው የሰው ራስ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱት እናቶች በጀርባቸው ጎብጠው ሲሸከሙ እዚህ አንገት ቀጥ ብሎ ይሸከማል። የቆላና የደጋ ሴቶችን የተጎዱበትን ቦታ ጠይቁ፣ መልሱ ይለያያል። የትኛው ይብሳል የሚለውን ለመፍረድ አልደፍርም።

በአንገት ላይ ያለው ሸክም ግን ተጠንቷል። እንግሊዛዊቷ የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪ ጆ ጊርና ባልደረቦቿ በደቡብ አፍሪካ፣ በጋናና በቬትናም 673 ሰዎችን ጠይቀው በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ውኃ ተሸክመው የሚያውቁ ሰዎች ተሸክመው ከማያውቁት ይልቅ የእጅና የላይኛው ጀርባ ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። አጥኚዎቹ ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ክብደቱ የአንገት አከርካሪን ከላይ ወደ ታች መጫኑ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የታየው ኢታንግ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ትከሻው እንመለስ። እጃችን ከገላችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንዲት ቀጭን የአንገት ሥር አጥንት ብቻ ነው። ከኋላ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት የጎድን አጥንት ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ነው፤ የያዘው ጡንቻ ነው። ከእነዚህ ጡንቻዎች አንዱ ከላይኞቹ አራት የአንገት አንጓዎች ይነሣል። ሌላው፣ ሰፊው፣ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ የመጨረሻው ጎድን እስከተተከለበት የጀርባ አንጓ ይዘልቃል። ሦስተኛው ከክንድ ተነሥቶ ጀርባን ሸፍኖ እስከ ዳሌ ድረስ ይወርዳል። ክንድ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲነሣ ከጉዞው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራው የትከሻው መገጣጠሚያ ነው፤ የቀረውን አንድ ሦስተኛ ያ ተንሳፋፊ አጥንት በመዞር ይሞላል።

አሁን መገጣጠሚያው ወልቆ ተመለሰ እንበል። በጨርቅ ታስሮ ሳምንታት ሲቀመጥ ከረጢቱ ይጠባል፣ እንቅስቃሴው ያንሳል። ጄሪካኑ ግን ራስ ላይ መውጣት አለበት። የጎደለውን ማን ይሙላ? ጠፍጣፋው አጥንት ከድርሻው በላይ ይሠራል፤ እሱን የሚጎትቱት የማጅራት ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ፤ እነሱም ካልበቁ ወገብ ተጣሞ ያግዛል። በግራ እጅ ሲንጠለጠል ደግሞ 21 ኪሎው በአንድ ጎን ስለሆነ በሌላው ጎን ያለው የወገብ ጡንቻ ሰውነቱ እንዳይወድቅ ወጥሮ ይይዛል፣ በመካከል ያለውን አከርካሪ ይጫናል። ትከሻዬን ያመመኝ ወደ ወገቤ ተዛወረ የምንለው ለዚህ ነው። እንደ እውነቱ የተዛወረው ሥራው ነው፤ ሕመሙ ሥራውን ተከትሎ ሄደ።

ይህን ያስረዳኝ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። ጎንደር በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒ ማስተማር የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ በየክልሉ የምናገኛቸው ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚያ ፍሬ ናቸው። እሱ የሚሠራው ለአንድ የረድኤት ድርጅት ነው፤ ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና በር ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ያለበት ጠባብ ቤት ነው። አስተርጓሚው እዚያው ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። «ማሌ» ተባብለው ሰላምታው እንዳለቀ ባለሙያው ቶሎ ወደ ትከሻው አልሄደም።

«እናቴ፣ ሌሊት ያተኩስዎታል? ከስተዋል? ሽንት አልያዝ ይልዎታል? እግርዎ ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ይደነዝዛል?»

ለሁሉም «የለም» አለች።

«ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?»

አስተርጓሚው ሲነግራት ሳቀች። «ላሟ የታለች?» አለች።

ጥያቄዎቹ ለወጉ ያህል የተጠየቁ አይደሉም። በእኛ አገር የጀርባ ሕመም ሁሉ የጡንቻ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አደጋ አለው። የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ሳል የሌለበት፣ ቀስ እያለ አንጓ የሚበላ፣ ትኩሳትና ክሳት የሚያስከትል ነው። ከብት ጋር ለሚውልና ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ሕዝብ ብሩሴሎሲስ አለ፤ ወገብ ያንገበግባል፣ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እጅ ወይም እግር እየሰነፈ ከመጣ፣ ዕቃ ከእጅ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ያ የነርቭ መጨመቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ግን፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየ የማጅራትና የጀርባ ሕመም ላለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው ሌላ ምንም አያገኝም። አለመገኘቱ የምሥራች ሆኖ ሳለ በሽተኛው እንደ ስድብ ይሰማዋል።

እሷም እንዲሁ ነው የተሰማት። ባለሙያው ክንዷን ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እያስሄደ ሲያይ ቆይቶ «አጥንቱ ድኗል» አላት።

«ታዲያ ለምን ያመኛል? እዋሻለሁ?»

«ሕመሙ እውነት ነው» አላት። «አጥንቱም ድኗል። ሁለቱም እውነት ነው።»

ቀጥሎ የነገራት ነገር እኔም አዲስ አበባ ላይ ከብዙ ሐኪም አፍ ሰምቼው በወጉ የገባኝ እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል፤ ሌባው ተይዞ ታስሮ እንኳ ውሻው አይተኛም። ነርቭም እንደዚያ ነው። ጉዳት ሲደጋገም አከርካሪ ውስጥ ያሉት መልእክት አቀባዮች ይነቃሉ፣ ቀድሞ ሕመም ያልነበረው ነገር፣ የጨርቅ ቋጠሮ እንኳ፣ ሕመም ሆኖ ይሰማል። ይህን ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ሠርቶ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሥር የሰደደ ሕመም ያልዳነ ቁስል ብቻ ተደርጎ አይታይም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታዎችን የሚመድብበት 11ኛው መዝገብም ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ ቦታ ሰጥቶታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃትና ሐሳብ ይህን ንቃት ያብሱታል። ትየርኪዲ ውስጥ የሦስቱም እጥረት የለም።

እኛ ግን ለሕመማችን ሌላ ስም አለን። ሰው ማጅራቱ ሲደርቅ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ይህን ጋምቤላ ውስጥ፣ 40 ዲግሪ በሚነካ ሐሩር ውስጥ፣ ከመሐል አገር የመጡ ሾፌሮች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከብርዱ የሸሸው «ነርቭ ነው» ይላል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ኤም አር አይ ተነሥቶ «ዲስክ ነው» ይላል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፣ ምክንያቱም ፎቶ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ሲመለከት በ20 ዓመታቸው ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው ካሉት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ምልክት ነበረባቸው። እንደ ሽበት በሉት። ወገቡን እያመመው ኤም አር አይ የተነሣ ሰው ግን ወረቀቱን አንብቦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ለማለት ይፈራል፤ ፍርሃቱ ጡንቻውን ያደርቀዋል፤ ጡንቻው ሲደርቅ ሕመሙ ይብሳል። እናቲቱ ኤም አር አይ አለማግኘቷ በዚህ በኩል እንኳን አላገኘች ያሰኛል።

መድኃኒቱስ? ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ በፓራሲታሞል ያልረካው ዲክሎፌናክ መርፌ ይፈልጋል። መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይመስለንም፣ ይህ የቆላም የደጋም ጠባይ ነው። ዲክሎፌናክና ብሩፈን ለቀናት ሲወሰዱ ይጠቅማሉ። ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ላብ በላብ ሆኖ በቂ ውኃ ለማይጠጣ ሰው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጋምቤላ ውስጥ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ለቆየ የወገብ ሕመም የመጀመሪያውን መመሪያ ሲያወጣ ያስቀደመው ሕመምን ማስረዳትንና የአካል እንቅስቃሴን ነው፤ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉት መድኃኒቶችም ከሚፈቀዱት መካከል ናቸው። እንዳይሰጡ የመከራቸው ደግሞ ትራማዶልን የመሰሉ ኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን፣ በክብደት መጎተትንና የወገብ ቀበቶን ነው። በየፋርማሲው መስኮት ተሰቅሎ የሚሸጠው ያ ቀበቶ፣ አዎ።

ድርጅቱ መመሪያ ለማውጣት የተገደደው ያለ ነገር አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። የአንገት ሕመም የነበረበት ደግሞ በዚያው በ2020 እ.ኤ.አ. 203 ሚሊዮን ነበር። ሰውን ከሥራ በማስቀረት የወገብ ሕመምን የሚቀድመው የለም። ይህ ሁሉ ቁጥር ግን ተቀምጦ የሚውለውንና ተሸክሞ የሚውለውን በአንድ ቋት ይሰፍራል፤ የእኔን ማጅራት ኮምፒውተር ነው ያደረቀው፣ የእሷን ጄሪካን፣ ሁለታችንም በአንድ ረድፍ ተቆጥረናል።

ሁለታችንም የተባልነው ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ «እረፍት አድርጉ»። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። ለእኔ ምክሩ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ተኝቶ መክረም የቆየ ሕመምን እንደሚያብስ ሕክምናው ራሱ ካመነ ቆይቷል። ለእሷ ደግሞ ምክሩ ምክር አይደለም። ውኃውን ማን ይቅዳ? ማሽላውን ማን ያስፈጭ? ብዙ ሴቶች ያለ ባል ቤት በሚመሩበት ሰፈር «አትሸከሚ» ማለት «አትብሉ» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስታርቀው ቃል እረፍት ሳይሆን ልክ ነው። የእሷ ሰውነት እንቅስቃሴ አልጎደለውም፤ ከእኔ አሥር እጥፍ ይንቀሳቀሳል። የጎደለው ልኩን መምረጥ ነው፤ ዛሬ አምስት ኪሎ፣ ከሳምንት በኋላ ሰባት እያሉ ቀስ በቀስ ማለማመድ። ቦኖው የሚያውቀው ግን ሃያን ብቻ ነው።

እንጨቱ ጋ ሲደረስ ልኩ ጨርሶ ይጠፋል። በመጠለያው ዙሪያ ያለው እንጨት ስላለቀ ሴቶቹ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ጥቃት አለ፤ መደፈርም አለ፣ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የእንጨት ጠብም አለ። ስለዚህ በቡድን ይሄዳሉ፣ የሚወጡበትንም ቀን ይቀንሳሉ። ቀኑን ሲቀንሱ ሸክሙን ይጨምራሉ፤ አንዴ ከወጡ አይቀር አንገት የቻለውን ሁሉ ይዞ መመለስ ነው። እናቲቱ የወደቀችው በእንዲህ ያለ ሸክም ነው። ትከሻዋን ያወለቀው ጭቃው ብቻ አይደለም፣ የሚያስፈራው መንገድም ድርሻ አለው። የእርዳታ እህል ሰኔ 2015 ላይ ተቋርጦ እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ስደተኛው ያለ ሬሽን በቆየበት ጊዜ ደግሞ እንጨቱ ለማገዶ ብቻ አልነበረም፤ ይሸጣል፣ በዋጋው እህል ይገዛል። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት ስለ ትከሻዋ አላወራችም። «ልጆቹ ዝም አሉ» ነው ያለችው፣ አስተርጓሚውም ከዚያ በላይ አልገፋም።

እንጨት የሚቀንስ ምድጃ፣ ቀረብ ያለ ቦኖ፣ በጋራ የሚገፋ የእጅ ጋሪ ሲታደል የጤና ሥራ ነው ብሎ የሚመዘግበው የለም። በእኔ ሚዛን ከዲክሎፌናክ ይበልጣሉ። ጎማ ያለው ጄሪካን፣ መሬት ለመሬት የሚንከባለል የውኃ በርሜል ሌላ አገር ተሠርቷል፤ በክረምት ጥቁር አፈር ላይ ይንከባለላል ወይ የሚለውን ግን የሠሩት ሰዎች ኢታንግ መጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ የሰጣት ነገር ሲታይ ትንሽ ነው። ከጎጆዋ የጭቃ ግድግዳ ፊት ቆማ የቀኝ እጇን ጣቶች እያራመደች ወደ ላይ ማውጣት፣ ጣቷ የደረሰበትን በከሰል ማስመር፣ በማግሥቱ መስመሩን ለመንካት መሞከር። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሁለቱን ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላ መሳብ። ሲያማት ማቆም የለባትም፤ ሕመሙ በማግሥቱ ጠዋት ካልባሰ ልኩ ትክክል ነው፣ ከባሰ ትቀንሳለች እንጂ አትተውም። ስትተኛ በግራ ጎኗ ሆና የታጠፈ ጨርቅ በቀኝ ክንዷ ሥር ታደርጋለች። ስለ ሸክሙ ደግሞ በጥያቄ ጀመረ፦

«ባለ አሥር ሊትር የለዎትም?»

አለኝ አለች፤ የዘይት ጄሪካን ነው።

«እሱን ወደ ራስዎ ለማውጣት የሚያሸክም ሰው ይፈልጋሉ?»

ክንዷን አየች፣ ወዲያው አልመለሰችም። ተነሥታ፣ ጥግ ላይ የነበረውን ውኃ የተሞላ ባለ አሥር አንሥታ ሞከረችው። ደረቷ ላይ ሲደርስ ትከሻዋ እንደ ልማዱ ወደ ጆሮዋ ሊሰቀል ሲል ባለሙያው ጣቱን ማጅራቷ ላይ አሳርፎ «ይህን ያውርዱት፣ በክርን ይግፉት» አላት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ወጣላት። ትንሽ አንገቷን እንደ ማዞር አድርጋ፣ እጇን ለቀቀች።

ይህ በክፍሉ ውስጥ ነው። ቦኖው ጋ ተራ የሚያዘው በጄሪካን ነው፣ ሃያም ሆነ አሥር አንድ ተራ ነው። ባለ አሥር ይዛ የመጣች ሴት ለአንድ ቀን ውኃ ሁለት እጥፍ መሰለፍ አለባት ማለት ነው። አስተርጓሚው ልጅ ጉዳዩን ለቦኖው ኮሚቴ ሴቶች አነሣ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ወገቤን ሊል ነው ብለው ሳቁ፤ አንዷ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ግን የራሷን ማጅራት እየያዘች ሳቁን አቋረጠችው። ተጨቃጭቀው ሁለት ባለ አሥር እንደ አንድ ተራ እንዲቆጠርላት ተስማሙ። ውሳኔው በቃል ነው፤ ኮሚቴው ሲቀየር ይቀጥል አይቀጥል የሚያውቅ የለም። አንዱን አድርሳ እስክትመለስ ሁለተኛውን ቦኖው ላይ የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋል፤ ትልቁ ልጇ ይችል ነበር፣ የትምህርት ቤት ፈረቃው ግን ጠዋት ነው፣ ውኃውም የሚለቀቀው ጠዋት ነው።